ከቴሌስኮፑ ጀርባ የሚታሰረው ዕቃ

ስለ ቴሌስኮፕ የሚናገሩ መጻሕፍት አብዛኛውን ገጻቸውን የሚሰጡት ለመሣሪያው ፊት ነው። የምስሪቱ ወይም የመስተዋቱ ስፋት፣ ብርሃን የመሰብሰብ ችሎታው፣ የማጉላት ኃይሉ በሰፊው ይተነተናል። ስለ ጀርባው ግን፣ ይኸውም የዓይን ምስሪቱ፣ መስተዋቱና ካሜራው ስለሚታሰሩበት ስፍራ፣ ሁለት ሦስት መስመር ተጽፎ ይታለፋል። በጅቡቲ ከተማ ከተማሪዎች ጋር ሆነን ሰማይ ስናይ በቆየንበት ጊዜ ግን ጉዳት የደረሰብን አንድም ጊዜ ከፊት በኩል አልነበረም፤ ሁልጊዜም ከጀርባ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፊቱን ለመጻሕፍቱ ትተን ስለ ጀርባው እንነጋገራለን።

በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ላይ ሃያ ያህል ተማሪዎች ተሰልፈው ጁፒተርን ያዩ ነበር። ቴሌስኮፑ ባለ 8 ኢንች ሲሆን፣ ብርሃኑን ከፊት ተቀብሎ በውስጡ ባሉት ሁለት መስተዋቶች ካመላለሰ በኋላ ከኋላው ባለው ቀዳዳ የሚያወጣ ዓይነት ነው። በቀዳዳው ላይ አጭር አንገት ተጠምዝዞ ይገባል፤ በአንገቱ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑን በ90 ዲግሪ የሚያጥፍ መስተዋት የያዘ ቱቦ ይሰካል። ይህን ቱቦ ተማሪዎቻችን «ክርን» ብለውታል፤ ጥሩ ስም ስለሆነ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን። የዓይን ምስሪቱ የሚቀመጠው በክርኑ ላይ ነው።

ክርኑን ከአንገቱ ጋር የሚይዘው በጣት የሚጠብቅ አንድ ብሎን ብቻ ነበር። የተማሪዎቹ ቁመት ስለሚለያይ፣ አጭር ልጅ ሲመጣ ብሎኑን ላላ አድርገን ክርኑን ወደሚመቸው አቅጣጫ እናዞራለን፤ ረጅም ሲመጣ መልሰን እናዞራለን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ጁፒተር ከአናታችን በላይ በቆመበት ሰዓት፣ አንዲት ተማሪ ዓይኗን ልታስጠጋ ጎንበስ ስትል ክርኑ ከነምስሪቱ ተመዝዞ ወደቀ። እግሯን ለጥቂት ሳተ፤ መስተዋቱ ግን ከሲሚንቶው ጋር ተላትሞ ተሰነጠቀ። ምትኩ በከተማው ገበያ ስላልተገኘ፣ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ቴሌስኮፑ ለወራት በሣጥኑ ውስጥ ተኛ። ብሎኑን በመጨረሻ ያዞረው ማን ነበር የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም፤ ከእኛው አንዱ ነበር።

«ብሎኑ በደንብ ስላልጠበቀ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ሆኖም ነገሩን በኋላ ስናስበው ከብሎኑ በላይ ሌላ ምክንያት እንዳለው ተገነዘብን። ይህም የአገሩ አቀማመጥ ነው። ጅቡቲ ከተማ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11.6 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነው። በቴሌስኮፕ የምናያቸው ዋና ዋናዎቹ ፕላኔቶች ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ የሚርቁት 25 ዲግሪ ያህል ነው። አንድ ፕላኔት በጉዞው ከፍተኛ ቦታ ላይ ሲደርስ ከአድማስ የሚኖረውን ከፍታ ለማግኘት፣ በእኛ ኬክሮስና በፕላኔቱ የሰማይ ኬክሮስ መካከል ያለውን ልዩነት ከ90 መቀነስ ነው። በዚያ ምሽት ጁፒተር ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ስለነበረ ከፍታው 88 ዲግሪ ያህል ሆኗል። በዚያው ቀን በፓሪስ፣ በ48.9 ዲግሪ ኬክሮስ፣ ከ54 ዲግሪ አልበለጠም። ፕላኔቱ በደቡብ ጫፉ ላይ ሲሆን ደግሞ በፓሪስ 16 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ በጅቡቲ ግን ያን ጊዜም ቢሆን ከ53 ዲግሪ አይወርድም።

ይህን ከሰበቃ ትምህርት ጋር እናገናኘው። ብሎን የሌለው ክርን በአንገቱ ውስጥ ተሰክቶ ሳለ ቴሌስኮፑ ወደ አድማስ ሲያይ፣ ቱቦው በአንገቱ የታችኛው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሰበቃውም ይይዘዋል። የቴሌስኮፑ ፊት ከፍ እያለ ሲሄድ ግድግዳው የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል፤ ወደ ውጭ የሚስበው ይጨምራል። የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን፣ የማዕዘኑ ታንጀንት 0.3 በሚሆንበት ከፍታ፣ ማለትም በ17 ዲግሪ ገደማ፣ ክርኑ መንሸራተት ይጀምራል። በ88 ዲግሪ ላይ ግን የሚደገፍበት ግድግዳ የለም፤ የክርኑ፣ የምስሪቱና የካሜራው ክብደት ሁሉ በብሎኑ ጫፍ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። እንግዲህ ብሎኑ አልፎ አልፎ ሥራ የሚያርፍበት አገር አለ፤ በጅቡቲ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ሰማይ ሥር ግን ዕረፍት የለውም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። የዓይን ምስሪቶች የሚሰኩበት ቱቦ በዓለም ላይ የሚሠራው በሦስት መጠን ነው፤ 0.965 ኢንች (24.5 ሚሊሜትር)፣ 1.25 ኢንች (31.7 ሚሊሜትር) እና 2 ኢንች (50.8 ሚሊሜትር)። የመጀመሪያው በአሮጌ ትናንሽ ቴሌስኮፖች ላይ ይገኛል፤ ዛሬ አዲስ የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው። አንድ መምህር ከሁለት ቦታ በስጦታ የተገኙ ዕቃዎችን ሲያገናኝ የመጀመሪያ ሥራው በማስመሪያ ሳይሆን በካሊፐር መለካት መሆን አለበት። «የሚገባ መስሎ» የሚገባ ቱቦ አለና። ግማሽ ሚሊሜትር የሚጫወት ቱቦ ላይ ወረቀት ጠቅልሎ ማጥበብ በብዙ ቦታ አይተናል፤ እኛም አድርገነዋል። ወረቀቱ በጅቡቲ እርጥበት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለሰልስና ዕቃውን ይለቀዋል።

አንድ ብሎን አንድን ክብ ቱቦ እንዴት እንደሚይዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሣል ችግሩ ወዲያውኑ ይታያል። ብሎኑ ቱቦውን በአንድ ነጥብ ይጫነዋል፤ ቱቦውም ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ይገፋል። ስለዚህ ዕቃው የሚያዘው በብሎኑ ጫፍና በተቃራኒው ግድግዳ ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ ክፍተት ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ዕቃው ከመሐል መስመር ይወጣል፤ ሊያዘነብልም ይችላል። ሁለተኛ፣ ተማሪው በእጁ ወይም በግንባሩ ገፋ ባደረገው ቁጥር ቱቦው በብሎኑ ጫፍ ላይ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ብሎኑን ያላላዋል።

ከዚህ የሚሻለው በ120 ዲግሪ ተራርቀው የተቀመጡ ሦስት ብሎኖች ናቸው። ሌላው መንገድ የነሐስ ቀለበት ነው፤ ብሎኑ ቱቦውን በቀጥታ አይነካም፤ የተሰነጠቀ ቀለበት ይጫናል፤ ቀለበቱም ቱቦውን በዙሪያው አቅፎ ይይዛል። ቱቦውንም አይጭረውም። በብዙ ቱቦዎች ላይ ደግሞ ዙሪያውን የተፋቀ ጎድጓዳ ቦይ ይታያል። ይህ ቦይ የተሠራው ብሎኑ ቢላላ እንኳ ጫፉ በቦዩ ከንፈር ላይ ተይዞ ዕቃው እንዳይወድቅ ነው። የእኛ ክርን ይህ ቦይ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ቦዩ ሰፊ ቀለበት ካለው አንገት ጋር ሲገናኝ ቀለበቱ ግማሹ በቦዩ ላይ፣ ግማሹ ከቦዩ ውጭ ያርፍና ቱቦውን ያጣምመዋል። ስለዚህ ቦይ ያለው ሁሉ ይሻላል ብለን ለመናገር አንደፍርም፤ ከአንገቱ ጋር ማገናኘትና መሞከር ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚበልጠው መጠምዘዝ ነው። ጥርስ ለጥርስ ተጠምዝዞ የገባ ዕቃ በሙሉ ዙሪያው ይያዛል፤ አያዘነብልም፤ ተመዝዞም አይወድቅም። ካሜራ የሚታሰር ከሆነ በእኛ አስተያየት በብሎን ማሰር ጨርሶ መተው አለበት።

ለምን ለካሜራ እንዲህ አጥብቀን እንደተናገርን በቁጥር እናሳይ። 100 ግራም የሚመዝን የዓይን ምስሪት የክብደት ማዕከሉ ከአንገቱ 5 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ ቴሌስኮፑ አድማስን ሲያይ በአንገቱ ላይ የሚያሳድረው ሞመንት 0.1 × 9.8 × 0.05፣ ማለትም 0.049 ኒውተን ሜትር ነው። 700 ግራም የሚመዝን ካሜራ 12 ሴንቲሜትር ቢርቅ ግን 0.7 × 9.8 × 0.12፣ ማለትም 0.82 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ክብደቱ 7 ጊዜ ቢበልጥ የማጣመም ኃይሉ ወደ 17 ጊዜ አደገ። ተማሪዎች ይህን በክፍል ውስጥ በማስመሪያ፣ በሲባጎና በሚዛን ድንጋይ ሊፈትኑት ይችላሉ፤ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም።

ስለ መጠምዘዝ ስንናገር ግን አንድ የተደበቀ ጉድ አለ። አንገቱ ከቴሌስኮፑ ጀርባ ጋር የሚጠብቀው፣ ከኋላ ቆመን ስናየው፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር ነው። አሁን ክርኑን ወደ ግራ አዙረን ከባድ ካሜራ እንስቀልበት። ካሜራው ወደ ታች ሲስብ ግራው ጎን ይወርዳል፤ ቀኙ ይወጣል። ይህ ደግሞ ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ካሜራው በራሱ ክብደት አንገቱን ይፈታዋል! ወደ ቀኝ ቢሰቀል ኖሮ ያጠብቀው ነበር። ቴሌስኮፑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህ ኃይል ይጠፋል፤ ወደ አድማስ ሲጋደም ግን ይመጣል። ይህን ካወቅን ወዲህ ከባድ ዕቃ በግራ ጎን አንሰቅልም፤ ግድ ሲሆን በየሩብ ሰዓቱ አንገቱን በጣት እንፈትሻለን።

ጥርስ ሁሉ አንድ አይደለም። ሴለስትሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970 እ.ኤ.አ. ባለ 8 ኢንቹን ቴሌስኮፕ ካወጣ ወዲህ፣ በዚህ ዓይነት ቴሌስኮፖች ጀርባ ላይ የተለመደው ጥርስ ስፋቱ 2 ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ያለው ነው። ሌሎችም ሠሪዎች ይህንኑ ተከትለዋል። በትልልቆቹ፣ በ11 እና በ14 ኢንቾቹ ላይ ግን ከ3 ኢንች የሚበልጥ ሰፊ ጥርስ አለ። ለካሜራ የሚያገለግለው ደግሞ ታምሮን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያስጀመረው «ቲ» የሚባለው ጥርስ ነው፤ ስፋቱ 42 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 0.75 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ጥርስ መቀመጫ እስከ ካሜራው ፊልም ወይም ብርሃን ተቀባይ ድረስ 55 ሚሊሜትር እንዲሆን ተወስኗል።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። በየቤታችን አሮጌ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ካሜራ ያለን ብዙዎች ነን። የእነዚህም ጥርስ 42 ሚሊሜትር ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ግን 1 ሚሊሜትር ነው። የጅቡቲ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊሜትር ነበር፤ ዛሬ ከናጋድ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር የሚሄድበት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም ሐዲድ ናቸው፤ ሁለቱም ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ያቀናሉ፤ የአንዱ ፉርጎ ግን በሌላው ላይ አይሄድም። በሐዲዱ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በጥርሱ ግን አይታይም፤ ካሜራው አንድ ዙር ያህል ያለ ችግር ይገባል፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ዙር ሩብ ሚሊሜትር እየተለያዩ ስለሚሄዱ ይጨናነቃል። ሰውየውም «ገና አልጠበቀም» ብሎ በጉልበት ይጨምርበታል። በዚህ ጊዜ ከሁለቱ ለስላሳው ብረት ጥርሱ ይበላል፤ የተበላ ጥርስ የያዘው ካሜራም ሌሊት ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ማንኛውንም ጥርስ ስናስገባ በመጀመሪያ ወደ ኋላ እናዙር። ወደ ኋላ ስናዞር የሁለቱ ጥርሶች መነሻ ሲገናኝ ቀጭን «ጠቅ» የሚል ስሜት በጣት ላይ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ማዞር ነው። በሁለት ጣት ሦስት ዙር ካልሄደ ያ ዕቃ የዚያ ቴሌስኮፕ ዕቃ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው በየትኛውም ቦታ ይሠራል። የሚከተለው ግን ለባሕር ዳርቻ ሰዎች ነው። በጅቡቲ ነፋሱ ከባሕር ጨው ይዞ ይመጣል፤ በበጋው ወራት ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ ደግሞ አቧራውን ይጨምርበታል። (በጅቡቲ በጋ የምንለው ሙቀቱ የሚበረታበትን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ ነው፤ በደጋው ክረምት የሚባለው መሆኑ ነው።) የቴሌስኮፑ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኖቹ ብረት፣ ቀለበቶቹ ነሐስ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት በጨዋማ እርጥበት ሲገናኙ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ተማሪዎች ይህን ለማየት ከፈለጉ የአሉሚኒየም ቁራጭና የመዳብ ሽቦ በጨው ውኃ ውስጥ ነክረው በቮልት መለኪያ ቢለኩ መርፌው ሲነሣ ያያሉ።

በቴሌስኮፑ ላይ ይህ የሚታወቀው በጥርሶቹ መካከል በሚታየው ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ቦታ ስለሚይዝ ለወራት ሳይነካ የቆየ አንገት ከጀርባው ጋር ተጣብቆ እንቢ ይላል። እዚህ ላይ የብዙ መምህራን እጅ ወደ ፒንሳ ይሄዳል። አይሁን። ፒንሳ ቀለበቱን ከሁለት ጎን ጨምቆ ሞላላ ያደርገዋል፤ ሞላላ የሆነ ቀለበት ደግሞ ይብስ ይጣበቃል። አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ በዙሪያው ጠቅልሎ በሙሉ መዳፍ ቀስ እያሉ ማዞር ይሻላል። እኛ በዚህ መንገድ ያልተፈታ አላጋጠመንም፤ አንዱ ግን ሁለት ቀን ፈጅቷል።

ከመጣበቁ በፊት መከላከሉ ይቀላል። በየወሩ አንገቱንና ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ጥርሱን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠርጎ፣ በጣት ጫፍ የማይታይ ያህል ግራሶ መቀባት ነው። የማይታይ ያህል ያልነው በምክንያት ነው፤ ብዙ ከሆነ በሙቀት ይተንና በምስሪቱ ላይ ይቀመጣል፤ አቧራም ይሰበስባል። የእርሳስ ጥቁሩን ጥርስ ላይ ማሸት በአንዳንድ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ ነው፤ በደጋ ምንም አይልም። በባሕር አጠገብ ግን ጥቁሩ፣ ይኸውም ግራፋይቱ፣ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ያንኑ ባትሪ ስለሚያበረታታው ባይሞከር ይሻላል።

ካሜራ ለሚያስሩ አንድ ስሌት ብቻ እንጨምር። የምስሉ ጥራት የማይጎዳበት የትኩረት ስፋት ከትኩረት ርቀትና ከፊት ስፋት ንጽጽር ጋር ይያያዛል። የትኩረት ርቀቱ የፊቱን ስፋት 10 እጥፍ በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ይህ ስፋት ወደ ፊትም ወደ ኋላም 0.11 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 5 እጥፍ በሆነው ላይ ግን 0.03 ሚሊሜትር አይሞላም። ቱቦው በ25 ሚሊሜትር ርዝመቱ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያዘነብል፣ 36 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፊልም ወይም ብርሃን ተቀባይ ከጫፉ ላይ 0.07 ሚሊሜትር ከቦታው ይወጣል። በመጀመሪያው ቴሌስኮፕ ምንም አይታወቅም፤ በሁለተኛው ግን በአንድ ወገን ያሉት ከዋክብት ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ይደበዝዛሉ። ተማሪው ማተኮሪያውን እያዞረ ሌሊቱን ይደክማል፤ ጥፋቱ ግን የአንዷ ብሎን ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ጀርባ ላይም የሚታሰሩት መሣሪያዎች ክብደትና ልክ ይለይ እንጂ ጥያቄው ይኸው ነው።

ዕቃ በጀርባ ሲጨመር ሚዛኑም ይለወጣል። ካሜራውን ካሰርን በኋላ ቴሌስኮፑን በማቆሚያው ላይ ወደ ፊት አንሸራትተን፣ ወይም ከፊት በኩል ትንሽ ክብደት አስረን ማመዛዘን አለብን። ሲፈታም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው ሲነሣ ፊቱ በድንገት ይደፋል። ስለዚህ ማሰርና መፍታት ሁልጊዜ ቱቦው ተጋድሞ፣ መቆለፊያው ተቆልፎ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይሁን። ሁሉንም ነገር በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ አስሮ ቴሌስኮፑን ወደ አናት ማዞርም ያስፈልጋል። በተለይ በሹካ ቅርጽ ማቆሚያ ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች ወደ አናት ሲያዩ ክርኑ ከማቆሚያው መሠረት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ይህም በጨለማ የሚታወቀው ከተጋጨ በኋላ ነው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ የጨመርነው ትልቁ ነገር ግን ዋጋው ከሁሉ ያነሰው ነው፤ ሲባጎ። ከክርኑና ከካሜራው ላይ አጭር ሲባጎ አስረን ከቴሌስኮፑ እጀታ ጋር እናያይዘዋለን። ርዝመቱ ዕቃው ቢመዘዝ ከአንድ ጋት በላይ እንዳይወርድ ተደርጎ የተለካ ነው። ክርኑን የማዞርም ነገር ተለውጧል፤ ብሎኑን የሚነካ አንድ የተመደበ ተማሪ ብቻ ነው፤ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል። ለአጫጭሮቹ የሲሚንቶ ብሎኬት አስቀምጠናል፤ ከክርን ይልቅ ልጅን ከፍ ማድረግ ይቀላል።

ይህን ሁሉ አሁን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦገስት 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.፣ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ሙሉው ጥላ በላይኛው ግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል አልፎ የሶማሊያን ሰሜናዊ ጫፍ ይነካል። ጅቡቲ ከጥላው መንገድ ጥቂት ወጣ ያለች ስለሆነች ፀሐይ ጨርሳ አትጠፋም፤ አብዛኛው ገጽዋ ግን ከቀትር በኋላ፣ ገና ከፍ ባለችበት ሰዓት ይሸፈናል። ጊዜው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፤ ካምሲንም የሚነፍስበት ነው። ቢሆንም በዚያ ቀን በሣጥን ውስጥ የሚቀር ቴሌስኮፕ እንደማይኖር እንገምታለን።

በዚያ ቀን ከጀርባ ፈጽሞ መታሰር የሌለበት ዕቃ አለ። ከአሮጌ ትናንሽ ቴሌስኮፖች ሣጥን ውስጥ፣ ፀሐይ ማያ ተብሎ ከዓይን ምስሪቱ ሥር የሚጠመዘዝ ጥቁር መስተዋት ይገኛል። በጥርሱ በሚገባ ይጠብቃል፤ እስካሁን በተናገርነው ሁሉ ቢፈተን ያልፋል። ነገር ግን የተቀመጠው ብርሃኑ ከሚሰበሰብበት ነጥብ አጠገብ ነው። ባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፕ ከፀሐይ የሚሰበስበው ኃይል 30 ዋት ያህል ነው፤ ባለ 60 ሚሊሜትሩ ትንሹ እንኳ ወደ 3 ዋት ይጠጋል። ይህ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ክብ ላይ ሲያርፍ መስተዋቱ ይግልና በድንገት ይሰነጠቃል፤ ከበስተጀርባው ያለው ደግሞ የተማሪው ዓይን ነው። ዓይኑን ለማንሣት ጊዜ አያገኝም። የፀሐይ ማጣሪያ የሚታሰረው ብርሃኑ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ከቴሌስኮፑ ፊት ላይ ነው፤ ነፋስ እንዳይገለብጠውም በዙሪያው በፕላስተር ይያያዛል። በጎን በኩል ያለችው ትንሿ መፈለጊያ ቴሌስኮፕም ከነክዳኗ ትሁን፤ ወይም ከናካቴው ትፈታ።

እኛ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ያገኘነውን ያን ጥቁር መስተዋት ለተማሪዎቹ አሳይተን፣ ጉዳቱን አስረድተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን በመዶሻ ሰብረነዋል። የነበረበትን የነሐስ ቀለበት ግን አስቀረነው፤ ጥርሱ ደህና ነው።